ፈገግታ ለማስፋት የተሰጠ ፈቃድ

ይህን የምጽፈው ሰው ለመክሰስ አይደለም፤ ሰው ለማመስገን ነው። በእኛ ከተማ ክስ በጽሑፍ፣ ምስጋና ግን በቃል ብቻ ነው የሚቀርበው። የኔ ምስጋና እንደ ሌላው በነፋስ እንዳይሄድ ብዬ ወረቀት አነሳሁ። ሥራዬም ጽሕፈት ነው፤ በልስን ሹም ጽሕፈት ቤት ተቀምጬ የቤት እድሳት ፈቃድ እጽፋለሁ።

ከተማችን ወንዝ ዳር ያለች፣ በቀለሟ የምትታወቅ ከተማ ናት። ቤት የሚገዛ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ያያል፣ ቀለሙን ያደንቃል፣ ይገዛል። ወደ ጓሮ ዞሮ መሠረቱን ማየት፣ ምሳ ተጋብዞ ሄዶ የባለቤቲቱን ድስት ከፍቶ እንደ ማየት ነውር ነው። ግድግዳ ሲሰነጠቅ «ተሰነጠቀ» አይባልም፤ «ፈገግ አለ» ነው የሚባለው። ደንቡ የወጣው እኔ ሳልቀጠር ነው፤ ምክንያቱም በመግቢያው ላይ ተጽፏል፤ «ክፉ ቃል ቤት ያፈርሳልና» ይላል። ቤት ሲወድቅ ደግሞ «ሳቀ» ይባላል። ጎረቤት ሊያጽናና ሲሄድ «ቤታችሁ ሳቀ ሲሉ ሰምተን ነው፤ እግዜር ያጥናችሁ» ይላል፤ ባለቤቶቹም አቧራቸውን እያራገፉ «አሜን» ይላሉ።

ፈገግታ የሚሸፈነው በመጋረጃ ነው፤ ደብሪቱ ደግሞ መጋረጃ ሰፊ ናት። አብሮ አደጌ ስለሆነች አንቺ ነው የምላት፣ የደረሰባትንም ሁሉ ራሷ ነች ያጫወተችኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከቤት ቤት እየዞረች ግድግዳ ለክታለች። የማን ሳሎን የት ጋ ፈገግ እንዳለ፣ ስንት ክንድ እንደሚረዝም፣ አምና ምን ያህል ዘንድሮ ምን ያህል እንደሰፋ ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ግን እንጀራዋ ነውና አፏን ዘግታ ኖረች።

ዓይኗ ክር ወደ መርፌ ማስገባት ሲያቅተው፣ ያጠራቀመችውን ይዛ ቤት ልትገዛ ተነሳች። አሳቧ አከራይቶ በኪራዩ መጦር ነበር። የገዛችውም የአቶ ጌጡን ቤት ነው፤ ወንዙ አጠገብ ያለውን፣ እንደ ሎሚ ቢጫ የተቀባውን፣ በሰፊ ሳሎን ውድድር አንደኛ የወጣውን። የሰውን ሁሉ ፈገግታ በክንዷ ለክታ የምታውቅ ሴት፣ የራሷ ተራ ሲደርስ እንደ ሰው ሁሉ ፊት ለፊት ቆማ ቀለም አየች።

«አንቺ እንኳ? ለምን?» አልኳት በኋላ።

«ወደድኩታ!» አለችኝ። ከዚህ የተሻለ መልስ የሰጠኝ ቤት ገዢ እስከ ዛሬ የለም።

አቶ ጌጡ ቁልፉን ሲያስረክቡ ከሳሎኑ መሐል የቆመውን ትልቅ ቁም ሳጥን «ለማስታወሻ» ብለው ተዉላት። ደብሪቱ ግን በመስኮት ስታየው ሳሎን መሐል የቆመ ቁም ሳጥን አላማራትም። በማግሥቱ ሁለት ተሸካሚዎች ይዛ መጣች። ሰዎቹ ግራና ቀኝ ይዘው «አንድ፣ ሁለት» ሲሉ የጓሮው በር ተበረገደና ግማሽ ፊታቸው ሳሙና፣ ግማሹ የተላጨ፣ በውስጥ ሱሪ ብቻ የሆኑ ሽማግሌ ምላጭ እንደያዙ እየሮጡ ገቡ።

«ልቀቁት! በእናታችሁ! እጃችሁን አንሱ!»

ተሸካሚዎቹ ምላጩን አይተው ለቀቁት። ደብሪቱም እብድ ገባ ብላ ወደ ግድግዳው ተጠጋች።

«ከግድግዳውም ራቂ፣ እህቴ» አሏት ሽማግሌው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ያም አያስተማምንም።»

እኒህ ሰው ጋሽ ቢተው ናቸው። ግንበኛ የነበሩ፣ በጓሮው አንዲት ክፍል ተከራይተው አምስት ዓመት የኖሩ ሰው። ፎጣ አገልድመው ተመለሱና በወንበር ወጥተው የቁም ሳጥኑን ራስ አሳዩአት። በቁም ሳጥኑና በኮርኒሱ መካከል ወፍራም ሳንቃ ተጋድሟል፤ በሳንቃው ላይ ሽብልቅ ተመትቶ የጣሪያው ትልቅ አግዳሚ እንጨት በዚያ ላይ አርፏል።

«እዚህ ላይ ምሰሶ ነበረ» አሉ ጋሽ ቢተው። «አቶ ጌጡ ለሰፊ ሳሎን ውድድር ብለው አስቆረጡት። ሽልማቱን ወሰዱ። በሳምንቱ ጣሪያው ሲንቋቋ ቁም ሳጥኑን አምጥተው ደገፉት። አሁን ይህን ቤት የያዘው ይኸው የልብስ ሳጥን ነው።»

«አላምንም» አለች ደብሪቱ።

«አታምኚኝ። ክር ይዘሻል?»

ክር ከኪሷ ተለይቷት አያውቅም። ጋሽ ቢተው ጫፉ ላይ ትንሽ ድንጋይ አሰሩና በወንዙ በኩል ካለው ማዕዘን ከላይ ወደ ታች ለቀቁት። ክሩ ቀጥ ብሎ ወረደ፤ ግድግዳው ግን ከክሩ እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ወለሉ ጋ ሲደርስ አንድ ስንዝር ሸሸ። ደብሪቱ ሰው ሲዋሽ ብዙ አይታለች፤ ክር ሲዋሽ ግን አይታ አታውቅም። ወለሉ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች።

«አቶ ጌጡ ያውቃሉ?»

«ያውቃሉ። እኔው ነኝ የነገርኳቸው።»

«ታዲያ ሳልገዛ ለምን አልነገሩኝም?»

«መቼ አገኘሁሽ? ከደጅ ቆመሽ ቀለም አይተሽ ሄድሽ። ወደ ውስጥ የገባሽው ዛሬ ነው።»

እውነት ነበር።

ችግሩ ቤቱ ተከራይ ማግኘቱ ነበር። ባልና ሚስት፣ አምስት ልጆች ያሏቸው፣ ሳሎኑን በመስኮት አይተው የወደዱ፣ በሳምንቱ ሊገቡ ቀጠሮ የያዙ። ደላላው ነገሩን ሲሰማ «ምን አስጨነቀሽ? ቁም ሳጥኑን አትንኩ በያቸውና አከራይ» አላት። ያን ቀን ቤቷ ሄዳ ስታስበው አንድ ነገር ብቻ ፊቷ ላይ ድቅን አለባት። አምስት ልጆች። ድብብቆሽ ሲጫወቱ ልጆች የት ይገባሉ? ቁም ሳጥን ውስጥ ነው የሚገቡት።

በማግሥቱ ጠዋት እኛ ቢሮ መጣች። የፈቃድ ወረቀታችን ሦስት ሣጥን ብቻ አለው፤ ቀለም፣ ልስን፣ ጌጥ። የልስን ሹሙ አቶ አምሳሉ ትሁት ሰው ናቸው፤ ባለጉዳይ ሲመጣ ከወንበራቸው ይነሳሉ።

«ምን እንታዘዝ፣ ወይዘሮ ደብሪቱ?»

«ምሰሶ ላቆም፣ መሠረት ላጠናክር ነው።»

«በምን ምክንያት?»

«ግድግዳው ተሰንጥቋል።»

እስክሪብቶዬ ከእጄ ወደቀ። አቶ አምሳሉ ግን አልተቆጡም። መስኮቱን ዘጉና እንደ አባት መከሯት። «ወይዘሮ ደብሪቱ፣ በዚህ ከተማ ስንጥቅ የለም። ስንጥቅ ቢኖር ኖሮ መዝገብ ይኖረው ነበር፤ መዝገብ የለውም። የሌለን ነገር ለመጠገን ፈቃድ ብሰጥ ደግሞ ሕግ መጣሴ ነው። ይረዱኛል?»

«እረዳዎታለሁ» አለች ደብሪቱ። ጥቂት አሰበችና፣ «እንግዲያው ፈገግታውን ላሰፋ ነው» አለች።

«ምን አሉ?»

«ቤቴ ፈገግ ብሏል። ሰው ሁሉ መጋረጃ በእኔ እያሰፋ ይሸፍነዋል። እኔ ግን ፈገግታውን ለማስፋት ነው የምፈልገው፤ እስከ መሠረቱ ድረስ።»

አቶ አምሳሉ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከጠረጴዛቸው ዞረው መጡና እጇን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። «ሃያ ዓመት በዚህ ወንበር ተቀምጬ፣ ፈገግታን የሚደብቅ እንጂ የሚያሰፋ ሰው አላየሁም! ጻፍላት!» አሉኝ። ጻፍኩ። «ለወይዘሮ ደብሪቱ፣ የቤታቸውን ፈገግታ ከኮርኒስ እስከ መሠረት እንደልባቸው እንዲያሰፉ ተፈቅዷል።» ማኅተሙን ራሳቸው መቱበት።

በዚህ ፈቃድ ሥራው ተጀመረ። ጋሽ ቢተውና ሁለት የቀን ሠራተኞች ጣሪያውን በባሕር ዛፍ ድጋፎች አቆሙት፤ ከዚያ በኋላ ነው ቁም ሳጥኑ በሰላም የወጣው። የወንዙን ማዕዘን ቆፍረው ሲገቡ መሠረት ሊያገኙ ነበር አሳባቸው። ያገኙት ግን አመድ፣ የተሰባበረ ገንቦና አንድ የቀኝ እግር ጫማ ነው። ጋሽ ቢተው ጫማውን አገላብጠው አዩና «ይህ ብቻ ነው ጠንካራው» አሉ።

ሕዝቡ ሊያይ ይጎርፍ ጀመር። እናቶች የልጆቻቸውን ዓይን ይሸፍናሉ፤ ሽማግሌዎች ጉድጓዱን አይተው አንገታቸውን ይደፋሉ። በሦስተኛው ቀን ከጽሕፈት ቤታችን ማስጠንቀቂያ ወጣ፤ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። የቤት መሠረት በአደባባይ ራቁቱን እንዳይታይ በመጋረጃ ይሸፈን ይላል። ደብሪቱ አንብባ ከት ብላ ሳቀች፤ ከዚያም ተቀምጣ ለጉድጓዱ አበባ ያለበት መጋረጃ ሰፋች። በሕይወቷ የሰፋችው የመጨረሻ መጋረጃ እሱ ነው። ጋሽ ቢተውም ከመጋረጃው ጀርባ ሆነው ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲያስቀምጡ፣ ብረት ሲያስሩ፣ ሲሚንቶ ሲሞሉ ወራት ቆዩ።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ግን የደብሪቱ ልብ ከዳት። ተከራዮቹ ባልና ሚስት መጠበቅ ሰልችቷቸው እዚያው ወንዝ ዳር ሐምራዊ የተቀባ ቤት ተከራይተዋል። ለቀለም ያስቀመጠችው ሁሉ ድንጋይና ብረት ሆኖ መሬት ገብቷል። ከጉድጓዱ አፍ ቆማ ቁልቁል ተመለከተችና የተናገረችውን ዛሬም ስታስታውሰው ታፍራለች።

«ጋሽ ቢተው፣ እርጅናዬን ነው እኮ እዚህ የቀበሩት! ሰው የማያየው ነገር ላይ! ነገ ለማን ላሳየው ነው?»

ጋሽ ቢተው መዶሻቸውን አስቀመጡና ከጉድጓዱ ወጡ። ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ጎልማሳ ሳለሁ» አሉ፣ «አንድ ቤት ልስን ሠርቼ ነበር። ግድግዳው እንደማይቆም አውቄአለሁ። ባለቤቱ ‹ዝም ብለህ ለስን› አለኝ፤ ዝም ብዬ ለሰንኩ። በዓመቱ ቤቱ ወደቀና አንዲት ሴት እግሯን አጣች። ‹ቤቱ ሳቀ› አሉ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ መሳቅ አልሆነልኝም።»

በአገጫቸው የጓሮውን ክፍል ጠቆሙ።

«አምስት ዓመት እዚህ የኖርኩት ክፍሏ አምራኝ ይመስልሻል? ጣሪያዋ ያፈሳል፣ ወንዙ ብርድ ነው። ልጄ ‹ናና ከእኔ ጋር ኑር› ስትለኝ ነው የኖርኩት። እኔ ብሄድ ግን ያን ቁም ሳጥን አንድ ሰው ያነሳዋል። ማን እንደሚያነሳው አላውቅም ነበር። አንቺ ሆንሽ።»

ተሸካሚዎቹ «አንድ፣ ሁለት» ያሉበት ቀን ትዝ አላት። «ሦስት» ቢሉ ኖሮ ብላ አሰበች። ከአጠገባቸው ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። እኒህ ሰው ስሟን ሳያውቁ፣ መልኳን ሳያዩ፣ አምስት ክረምት በሚያፈስ ክፍል ውስጥ ሆነው ሲጠብቋት ኖረዋል። ልታመሰግናቸው አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን «ምሳ በልተዋል?» የሚል ነበር።

«አልበላሁም» አሉ።

ሄዳ ምሳ ሠርታ አመጣች። ከዚያን ቀን ወዲያ ስለ ቀለም አንስታ አታውቅም።

ሥራው አለቀ። ሳሎኑ መሐል ወፍራም ምሰሶ ቆመ፣ ማዕዘኑ በድንጋይና በብረት ታሰረ፣ አግዳሚው በቦታው አረፈ። ከውጭ ግን ቢጫው ቀለም በየቦታው ተላልጦ ግራጫ ሲሚንቶ ወጣበት። ቀለሙ ለተላለጠ ቤት ደንቡ ስለሚያዝ «የተኮሳተረ ቤት» የሚል ጽሑፍ በሩ ላይ ለጠፍንበት። ቤቱን የሚያይ ሁሉ ጽሑፉን እያነበበ አለፈ።

አንዲት ሴት ግን ጽሑፉን አላነበበችም። እናኑ ትባላለች፤ ክራር የምታስተምር ዓይነ ስውር ናት። በሩን በእጇ ዳብሳ ገባች፣ ግድግዳውን በጣቷ አንኳኳች፣ ምሰሶውን አቅፋ ጆሮዋን ለጠፈችበት። ብዙ ቆየች።

«ምን እየሰማሽ ነው?» አለቻት ደብሪቱ።

«ምንም!» አለች እናኑ፣ ፊቷ በደስታ እያበራ። «ዘጠኝ ቤት ተከራይቻለሁ፤ ዘጠኙም ያቃስታሉ። ነፋስ በመጣ ቁጥር ተማሪዎቼ ክራራቸውን ከጣሪያው ጋር ነው የሚቃኙት። ይህ ግን ዝም ይላል። መቼ ልግባ?»

በዚያው ሳምንት ገባች።

ክረምቱ ሲመጣ እንደ ወትሮው አልመጣም። ሦስት ሳምንት ሳያባራ ዘነበ። ወንዙ ሞልቶ የቤቶቹን እግር ይልስ ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ከረፋዱ ጀምሮ ቤቶች ይስቁ ጀመር። የዚያን ሳምንት የጽሕፈት ቤታችንን ዘገባ የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ አስታውሰዋለሁ፤ «በወንዝ ዳር ሰፈር አሥራ አንድ ቤቶች የሳቁ ሲሆን፣ ከተማው በጠቅላላው በደስታ ላይ ይገኛል» ይላል።

ሐምራዊው ቤት አምስተኛው ነበር። ግድግዳው ሲከፈት ባልና ሚስቱ አምስቱን ልጆች ጎትተው ወጡ፤ ዘወር ሲሉ ጣሪያው ተዘረገፈ። በዝናቡ ውስጥ ወዴት እንደሚሮጡ ሳያውቁ ሲሮጡ የክራር ድምፅ ሰሙ። እናኑ ተማሪዎቿን እያስተማረች ነበር። በሩን ደበደቡ፤ ከፈተችላቸው። ከእነሱ በኋላ ሌሎችም መጡ፣ ሌሎችም። እስከ ቀትር ድረስ በዚያ በተኮሳተረ ቤት ውስጥ ከአርባ በላይ ሰው ተጠልሎ ነበር።

ደብሪቱ ጃንጥላዋ ተገልብጦባት፣ ልብሷ ላይዋ ላይ ተጣብቆ ደረሰች። ቤቱ ወድቆ አገኘዋለሁ ብላ ነበር የመጣችው። በሩን ስትከፍት ሰው ከሰው ተጠጋግቶ ተቀምጧል፤ አንዲት እናት ልብስ ትጨምቃለች፤ አምስቱ ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው ምሰሶውን ይዞሩታል። ውኃው የወንዙን ማዕዘን እየመታ ይመለሳል፤ ግድግዳው ግን ንቅንቅ አይልም። ሰዎቹን አቋርጣ ምሰሶው ጋ ደረሰችና መዳፏን አሳረፈችበት። ከዚያ በጓሮው በር ወጥታ ጋሽ ቢተውን ፈለገቻቸው። በክፍላቸው ደጅ ቆመው ወንዙን እያዩ ነበር።

ለወራት በአፏ ሲመላለስ የቆየው ያን ጊዜ ወጣ። «ጋሽ ቢተው፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔንም፣ እነዚህንም ሁሉ አተረፉን። እግዜር ብድርዎን ይክፈልልኝ።» አጎንብሳ ጉልበታቸውን ልትስም ስትል ትከሻዋን ይዘው አቀኗት።

«ተይ፣ አመስጋኙስ እኔ ነኝ» አሉ። «ሃያ ዓመት ከቤት ቤት እየዞርኩ ተናገርኩ። ሰምቶኝ የቆፈረ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ።» ቀና ብለው በበሩ በኩል ልጆቹን አዩና ፈገግ አሉ። ደብሪቱ እንደምትምለው የግድግዳ ሳይሆን የሰው ፈገግታ ነበር፤ ስታይባቸውም የመጀመሪያዋ ነው።

ያን ቀን ሰው አልሞተም። አቶ አምሳሉም ከሰዎቹ ጋር እዚያው ተጠልለው ነበር። ሲወጡ በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት፤ ቀስ ብለው ነቀሉና አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ስለዚህ ነገር ቢሮ ውስጥ ተነጋግረን አናውቅም፤ ወረቀቱ ግን ዳግመኛ እንዲለጠፍ አላዘዙኝም። እኔም አልጠየቅኩም፤ ለዚህም አመሰግናቸዋለሁ።

ደብሪቱ የጓሮዋን ክፍል ጣሪያ አስጠግና «ይህች የዕድሜ ልክዎ ናት፤ ኪራይ የሚባል አይነሣብኝ» አለቻቸው። ጋሽ ቢተው መረቋት፣ ምሳ አብረው በሉ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ሰነበቱ። ፀሐይ በወጣ በሁለተኛው ቀን ግን ፍራሻቸውን ጠቀለሉ።

«ምነው፣ አስቀየምኩዎት?» አለች ደንግጣ።

«ኧረ በምን? ይህ ቤት እኮ አሁን ሰው አያስፈልገውም» አሏትና ሄዱ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። እኔ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ፀሐይ እሞቃለሁ። ባለቤቴ ከውስጥ ትዘፍናለች። አንድ ሽማግሌ ፍራሽ በትከሻቸው፣ የመሣሪያ ከረጢት በእጃቸው ይዘው ዳገቱን ሲወጡ አየሁ። ጋሽ ቢተው ናቸው። ወደ ላይኛው ሰፈር የሚያልፉ መስሎኝ ልሰናበታቸው ተነሳሁ። እሳቸው ግን ከበሬ ፊት ቆሙ፣ ፍራሹን አወረዱ፣ ላባቸውን ጠረጉ።

«ደህና ዋልክ፣ ልጄ። የምታከራያት ክፍል አለችህ?»

ክፍል አከራይቼ አላውቅም፤ ላከራይም አስቤ አላውቅም። እዚህ ቤት አሥራ ስድስት ዓመት ኖሬአለሁ፤ ሦስት ልጆቼ እዚህ ተወልደዋል። ልስኑን በየዓመቱ አድሳለሁ፤ ፈቃዱንም ለራሴ የምጽፈው ራሴ ነኝ። ዘወር ብዬ ግድግዳዬን አየሁ። ልጠይቃቸው ፈለግሁ፤ ግን ፊታቸውን ሳየው ምን እንደሚመልሱልኝ ገባኝ።

ባለቤቴ ከውስጥ «ማነው?» አለች።

«እንግዳ ነው» አልኳት።

ጎንበስ ብዬ ፍራሹን አነሳሁ። «ይግቡ፣ ጋሽ ቢተው» አልኳቸው። «እግዜር ይስጥልኝ። ከየትኛው ክፍል ልጆቹን ላስወጣ?»